ማን የየትኛው ግሩፕ አባል ነው? የዊንዶውስ ዶሜይን ግሩፖችን ዘርዝሮ ስለማየት

ኦዲተር ወደ መሥሪያ ቤታችሁ መጥቶ «የደመወዝ ፎልደሩን መክፈት የሚችሉት እነማን ናቸው?» ቢል፣ የአይቲ ክፍሉ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የስም ዝርዝር አለበት፤ ከሥሩ ፊርማና ማኅተም። ይህንኑ ጥያቄ ለሁለት ባለሙያዎች ብትሰጡና አንዱ ከራሱ ወንበር፣ ሌላው ከሰርቨር ክፍል ሆኖ ቢሠራው ግን ሁለት የማይገናኙ ዝርዝሮች ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። ሁለቱም አልዋሹም። የጠየቁት መዝገብ ለየቅል ነው፤ የተጠቀሙበት ትእዛዝም ያየውን ሁሉ አይናገርም።

ይህ ማብራሪያ ኔትወርክ ለሚማሩና ሥራውን በቅርቡ ለጀመሩ የተዘጋጀ ነው። የምናወራው ስለ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ ዶሜይን ነው። ትእዛዞቹን ኮምፒውተሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የምትጽፏቸው፤ እዚህ ግን እንደሚነበቡ በእኛው ፊደል አስቀምጫቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መዝገቡ አንድ አይደለም

እያንዳንዱ ዊንዶውስ ኮምፒውተር ሳም የሚባል የራሱ የአካውንት መዝገብ አለው። ሲስተም32 ውስጥ፣ ኮንፊግ በሚባለው ፎልደር የተቀመጠ ፋይል ነው፤ ዊንዶውሱ እየሠራ ሳለ እንደ ሌላ ፋይል ከፍታችሁ ልታነቡት አትችሉም። አድሚኒስትሬተርስ፣ ዩዘርስ፣ ባክአፕ ኦፐሬተርስ፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ዩዘርስ የሚባሉት የኮምፒውተሩ የራሱ ግሩፖች የሚኖሩት እዚያ ነው።

ኮምፒውተሩ ዶሜይን ውስጥ ሲገባ ይህ መዝገብ የሚጠፋ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። አይጠፋም። የሚሆነው ነገር ሌላ ነው፦ ዶሜይን አድሚንስ የተባለው የዶሜይኑ ግሩፕ በኮምፒውተሩ አድሚኒስትሬተርስ ውስጥ፣ ዶሜይን ዩዘርስ ደግሞ በኮምፒውተሩ ዩዘርስ ውስጥ አባል ሆነው ይገባሉ። የዶሜይን አድሚን በማንኛውም ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ እንዳሻው መሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ስለዚህ 200 ኮምፒውተር ያለው መሥሪያ ቤት አድሚኒስትሬተርስ የሚባሉ 200 የተለያዩ ግሩፖች አሉት። ስማቸው አንድ ነው፤ አባሎቻቸው አንድ ስለመሆናቸው ግን ምንም ዋስትና የለም።

ሁለተኛው መዝገብ የዶሜይኑ ነው፦ አክቲቭ ዳይሬክተሪ። ይህኛው የሚቀመጠው ዶሜይን ኮንትሮለር በሚባሉት ሰርቨሮች ላይ ሲሆን፣ ኮንትሮለሮቹ ከአንድ በላይ ከሆኑ አንዱ ከሌላው ለውጡን እየወሰደ ተመሳሳይ ቅጂ ይይዛል። ግሎባል ግሩፖች የሚኖሩት እዚህ ብቻ ነው። ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒውተር ግሎባል ግሩፕ አይፈጥርም፣ አያስቀምጥምም።

«ሎካል» እና «ግሎባል» ከየት መጡ?

ሁለቱ ስሞች ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጡ ናቸው። ኤንቲ 3.1 የወጣው በ1993 ነበር። በዚያ ዘመን የዶሜይኑ አካውንቶች በሙሉ የሚቀመጡት በዚያችው የሳም ፋይል ውስጥ ስለነበር፣ ማይክሮሶፍት ፋይሏ ከ40 ሜጋባይት እንዳታልፍ ይመክር ነበር። ትልቅ ድርጅት ይህ ስለማይበቃው ሁለት፣ ሦስት ዶሜይን ያቋቁምና በመካከላቸው ትረስት የሚባል የመተማመን ግንኙነት ይዘረጋል። ሠራተኞቹ በአንዱ ዶሜይን፣ ፕሪንተሩና ፎልደሩ በሌላው ይሆናሉ።

እንግዲህ የግሩፕ ሕግ የወጣው ለዚህ ሁኔታ ነው። ግሎባል ግሩፕ የራሱን ዶሜይን ተጠቃሚዎች ብቻ ይሰበስባል፤ ከዚያ ትረስቱን ተሻግሮ በሌላው ዶሜይን ይሠራል። ሎካል ግሩፕ ደግሞ ፎልደሩ ካለበት ቦታ ሳይነቃነቅ ከውጭ የሚመጡትን ግሎባል ግሩፖች ይቀበላል። በኤንቲ ዘመን ሎካል ግሩፕ ግሎባልን ይይዝ ነበር፤ ግሎባል ግሩፕ ግን ሌላ ግሩፕ አይይዝም። ዝርዝር ማውጣትም ቀላል ነበር፤ ሁለት ደረጃ ወርዳችሁ ትጨርሳላችሁ። ለዚሁ ሥራ የኤንቲ ሪሶርስ ኪት ውስጥ «ሎካል» እና «ግሎባል» የሚባሉ ሁለት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሁሉ ነበሩ፤ የግሩፕና የዶሜይን ስም ትሰጧቸዋላችሁ፣ አባላቱን ይደረድሩላችኋል።

በ2000 መጀመሪያ ዊንዶውስ 2000 አክቲቭ ዳይሬክተሪን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ሰፋ። ዶሜይን ሎካልና ዩኒቨርሳል የሚባሉ ዓይነቶች ተጨመሩ፤ ግሎባል ግሩፕም ሌላ ግሎባል ግሩፕ በውስጡ መያዝ ጀመረ። ዛሬ የሚያስቸግረን ዝርዝር የተወለደው ያኔ ነው፤ ምክንያቱም አሮጌዎቹ ትእዛዞች አብረው አላደጉም።

ስሙ የሚያሳስት ጉዳይ

ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ግሎባል ማለት ሁሉን የሚቀበል ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። የቀበሌ መታወቂያን አስቡት፤ የሚሰጠው ለዚያ ቀበሌ ነዋሪ ብቻ ነው፣ የሚታየውና የሚያገለግለው ግን ከቀበሌው ውጭም ነው። ግሎባል ግሩፕም እንዲሁ አባላቱን ከገዛ ዶሜይኑ ብቻ ይወስዳል፣ ፈቃድ የሚሰጠው ግን ትረስት በተዘረጋበት ዶሜይን ሁሉ ነው።

ዶሜይን ሎካል የዚህ ግልባጭ ነው። አባል ከየትኛውም የታመነ ዶሜይን ይቀበላል፤ ፈቃድ ሊሰጥበት የሚችለው ግን በራሱ ዶሜይን ባሉ ሰርቨሮች ላይ ብቻ ነው። ዩኒቨርሳል ከፎረስቱ (አንድ አክቲቭ ዳይሬክተሪ የሚጋሩት ዶሜይኖች ስብስብ) ዶሜይኖች ሁሉ ይቀበላል፣ በሁሉም ይሠራል፤ የአባላቱ ዝርዝር ግሎባል ካታሎግ በሚባለው የፎረስቱ የጋራ ማውጫ ላይ ይቀመጣል። አንድ ዶሜይን ብቻ ያለው መሥሪያ ቤት ዩኒቨርሳል ብዙም አያስፈልገውም።

እንግዲህ አንድ ግሩፕ ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የሚኖረው የት ነው? ማንን ይቀበላል? ሥልጣኑ እስከ የት ነው? አንድ ዶሜይን ባለበት ቤት ልዩነቱ በዓይን ስለማይታይ ሰው ግድ አይሰጠውም። አዲስ ግሩፕ ስትፈጥሩ መስኮቱ ራሱ ግሎባል የሚለውን መርጦ ስለሚጠብቃችሁ ሁሉም ነገር ግሎባል ሆኖ ይቀራል። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ከሌላ ጋር ሲዋሃድ ወይም ሁለተኛ ዶሜይን ሲመጣ ዋጋው ይታያል። ያን ጊዜ ግሎባሉን በቀጥታ ወደ ዶሜይን ሎካል ልለውጠው ብትሉ ሲስተሙ እምቢ ይላል፤ መጀመሪያ ዩኒቨርሳል ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ዶሜይን ሎካል።

በጥቁሩ መስኮት

አሮጌዎቹ ትእዛዞች ዛሬም ይሠራሉ፤ ምንም መጫን ስለማያስፈልጋቸውም አብዛኛው ሰው የሚጀምረው በእነሱ ነው። «ኔት ሎካልግሩፕ» ብላችሁ ኢንተር ብትሉ የተቀመጣችሁበት ኮምፒውተር ሎካል ግሩፖች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ስም ፊት ኮከብ አለ። «ኔት ሎካልግሩፕ አድሚኒስትሬተርስ» ካላችሁ ደግሞ አባላቱን ታያላችሁ። የኮምፒውተሩ የራሱ አካውንት በባዶ ስሙ ይጻፋል፤ ከዶሜይኑ የመጣ ከሆነ የዶሜይኑ ስምና ዘንበል ያለ ሰረዝ ይቀድመዋል። ያችን ሰረዝ ማየት ልመዱ። ከፊቷ የተጻፈው ስም አባሉ ከየትኛው መዝገብ እንደመጣ ይነግራችኋል።

የዶሜይኑን ለማየት «ኔት ግሩፕ /ዶሜይን» ትላላችሁ። የመልሱ የመጀመሪያ መስመር ጥያቄያችሁ በእገሌ ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ እንደሚስተናገድ ይነግራችኋል፤ ከዚያ ግሩፖቹ ይመጣሉ። «/ዶሜይን» የሚለውን ረስታችሁ በተራ ኮምፒውተር ላይ «ኔት ግሩፕ» ብቻ ብትሉ ይህ ትእዛዝ የሚሠራው በዶሜይን ኮንትሮለር ላይ ብቻ ነው የሚል መልስ ይጠብቃችኋል። ይህን እንደ ብልሽት የሚያዩት አሉ፤ ግሎባል ግሩፕ በሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ እንደሌለ ካስታወሳችሁ ግን ትክክለኛ መልስ ነው። የዶሜይኑን ሎካል ግሩፖች የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ «ኔት ሎካልግሩፕ /ዶሜይን» ነው።

«ኔት ግሩፕ /ዶሜይን» ግሎባሎቹን ብቻ ያወጣል ብላችሁ እንዳትተማመኑ። ኢንተርፕራይዝ አድሚንስና ስኪማ አድሚንስ ዩኒቨርሳል ግሩፖች ናቸው፤ እዚያው ዝርዝር ውስጥ ከግሎባሎቹ ጋር ተቀላቅለው ታዩዋቸዋላችሁ። ትእዛዙ ዩኒቨርሳል የሚባል ነገር ሳይኖር የተሠራ ስለሆነ መለያ አያደርግላቸውም።

የአንድን ሰው ግሩፖች ለማየት «ኔት ዩዘር» ብላችሁ የሰውየውን መለያ ስምና «/ዶሜይን» ትጨምራላችሁ። መጨረሻው ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፤ አንዱ ሎካል፣ ሌላው ግሎባል አባልነቱን ይዘረዝራል። እዚህ የግሩፑ ስም ከ21 ፊደል በላይ ከሆነ ይቆረጣል። «ፋይናንስ» ብለው የሚጀምሩ ረጃጅም ስሞች ያሉት መሥሪያ ቤት ውስጥ አንባቢው የማንበብ ፈቃድ የሚሰጠውን ግሩፕ ከመጻፍ ፈቃዱ ሊለየው አይችልም፤ ልዩነቱ የተጻፈው በተቆረጠው ጭራ ላይ ነውና።

ዶሜይን ኮንትሮለር ላይ ስትሆኑ

ዶሜይን ኮንትሮለር እንደ ሌላው ኮምፒውተር የራሱ የሆነ ሎካል ግሩፕ የለውም። እዚያ ተቀምጣችሁ «ኔት ሎካልግሩፕ» ብትሉ የምታዩት የዶሜይኑን ሎካል ግሩፖች ነው። ስለዚህ ሰርቨሩ ላይ አንድ ፕሮግራም እንዲጭን ብቻ ፈልጋችሁ አንድን ባለሙያ እዚያ አድሚኒስትሬተርስ ውስጥ ብታስገቡት፣ በሁሉም ዶሜይን ኮንትሮለሮች ላይ ሥልጣን ሰጣችሁት፤ በተግባር ዶሜይኑን ሰጣችሁት ማለት ነው። ትእዛዙ አንድ፣ ስሙ አንድ፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አንድ ሰርቨር ብቻ ያላቸው ትንንሽ ቢሮዎች ፋይሉንም፣ ፕሪንተሩንም፣ ዶሜይኑንም እዚያው ላይ ስለሚጭኑት ይህ ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚገኘው እነሱ ዘንድ ነው።

ዝርዝሩ የሚደብቃቸው ሰዎች

አሁን ወደ ደመወዙ ፎልደር እንመለስ። እንበል ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያለው «ደመወዝ-መጻፍ» የተባለ ዶሜይን ሎካል ግሩፕ ነው። «ኔት ሎካልግሩፕ ደመወዝ-መጻፍ /ዶሜይን» ስትሉ አንድ መስመር ብቻ ይመጣል፦ «ፋይናንስ»። እሱ ግሎባል ግሩፕ ነው። «ኔት ግሩፕ ፋይናንስ /ዶሜይን» ትላላችሁ። ሦስት ስም ይመጣል፦ ኃላፊዋ፣ ምክትሏ፣ ገንዘብ ያዡ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ስም ጽፋችሁ ታስፈርማላችሁ።

ነገር ግን ባለፈው ክረምት አንድ ባለሙያ ተለማማጅ ተማሪዎች የፋይናንስ ፕሪንተሩን እንዲጠቀሙ ብሎ «ተለማማጆች» የተባለውን ግሎባል ግሩፕ «ፋይናንስ» ውስጥ አስገብቶት ነበር። «ኔት ግሩፕ» የግሎባል ግሩፕ አባል የሆኑ ተጠቃሚዎችን እንጂ ውስጡ የተቀመጠ ሌላ ግሩፕን አያሳይም። አይጠቁምም፣ አያስጠነቅቅም፤ ዝም ይላል። ተለማማጆቹ የደመወዙን ፋይል ከፍተው ማስተካከል ይችላሉ፣ ወረቀቱ ግን አያውቃቸውም። «ኔት ሎካልግሩፕ» ቢያንስ የግሩፑን ስም ያሳያል፤ ምንም እንኳ ውስጡን ባይዘረግፈውም ፍንጭ ይሰጣል። «ኔት ግሩፕ» ግን ያንንም አይሰጥም። ለእኔ የአክቲቭ ዳይሬክተሪን አባልነት በ«ኔት ግሩፕ» ብቻ አውጥቶ ለኦዲተር መስጠት ተቀባይነት የሌለው አሠራር ነው።

ሁለተኛው መደበቂያ ፕራይመሪ ግሩፕ የሚባለው ነው። እያንዳንዱ የዶሜይን ተጠቃሚ አንድ ዋና ግሩፕ አለው፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር ዶሜይን ዩዘርስ ነው። ይህ አባልነት የሚመዘገበው እንደ ሌሎቹ በግሩፑ የአባላት መስክ ላይ ሳይሆን በሰውየው መዝገብ ላይ፣ 513 በሚል ቁጥር ነው። ስለዚህ የዶሜይን ዩዘርስን የአባላት መስክ በቀጥታ የሚያነብ ስክሪፕት ብትጽፉ ሺህ ሠራተኛ ያለው ግሩፕ ባዶ ሆኖ ይመጣል። ይህን አይቶ «ዳይሬክተሪው ተበላሽቷል» ብሎ የሚደነግጥ አይጠፋም። የሚያስፈራው ግን ሌላ ነው፦ የአንድ ሰው ፕራይመሪ ግሩፕ ወደ ዶሜይን አድሚንስ ከተቀየረ፣ ያንን መስክ ብቻ የሚያነብ መቆጣጠሪያ ሰውየውን አያየውም።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። ፎልደሩ የተቀመጠበት ሰርቨር የራሱ አድሚኒስትሬተርስ ግሩፕ አለው። የዚያ አባል የሆነ ሰው ፎልደሩ ላይ ስሙ ባይኖርም ባለቤትነቱን ወደ ራሱ ወስዶ ፈቃዱን መቀየር ይችላል። የኦዲተሩ መልስ ይህንንም ካልጨመረ ጎደሎ ነው።

ከሰውየው በኩል መጠየቅ

ከግሩፑ ወደ ሰው መውረድ ሲያደክም ከሰውየው ተነስቶ መውጣት ይሻላል። ሠራተኛው በራሱ ስም ገብቶ ሳለ «ሁአምአይ /ግሩፕስ» ብትሉ ዊንዶውስ ለእሱ ባዘጋጀለት ቶክን ውስጥ ያሉትን ግሩፖች ሁሉ ያሳያችኋል፤ የኮምፒውተሩን ሎካል፣ የዶሜይኑን ግሎባል፣ በሌላ ግሩፕ በኩል ዞረው የመጡትንም ጭምር። ተለማማጁ በዚህ ትእዛዝ «ፋይናንስ» የሚለውን በራሱ ስክሪን ላይ ያየዋል። ፈቃድ ሲጣራ ዊንዶውስ የሚያመሳክረው ይህንን ዝርዝር ስለሆነ፣ ከሁሉም የምተማመነው በዚህ ነው።

ቶክኑ የሚዘጋጀው ሠራተኛው ሎግኢን ባደረገበት ቅጽበት ነው። «ግሩፑ ውስጥ አስገብቼሃለሁ» ተብሎ ፎልደሩ አሁንም እምቢ ካለው፣ ሎግአውት አድርጎ ተመልሶ ይግባ። ይህ በየአይቲ ክፍሉ በየቀኑ የሚነገር ምክር ነው። ግልባጩ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፦ ከግሩፕ ያስወጣችሁት ሰው ሎግአውት እስካላደረገ ድረስ አሮጌው ቶክን በእጁ ነው፤ የከርቤሮስ ትኬቱም (ሲገባ ዶሜይኑ የሚሰጠው ማረጋገጫ) ካልቀየራችሁት በስተቀር ለ10 ሰዓታት ያህል ይቆያል። ከሥራ የተሰናበተን ሰው ከግሩፕ አስወጥቶ መሄድ አይበቃም፤ አካውንቱን ዝጉ፣ የከፈተውን ሴሽንም አቋርጡ።

በፓወርሼል ሲሆን

የአክቲቭ ዳይሬክተሪ ሞጁል የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ «ጌት-ኤዲግሩፕ» የሚለው ትእዛዝ ግሩፖቹን በዓይነታቸው ለይቶ ይሰጣል። ማጣሪያው ላይ ግሩፕስኮፕ የሚለውን መስክ ግሎባል፣ ዶሜይንሎካል ወይም ዩኒቨርሳል ብላችሁ ትመርጣላችሁ። አሮጌው ትእዛዝ የቀላቀለውን እዚህ ትለያላችሁ።

ሞጁል የሌለውና በሌላ መንገድ ዳይሬክተሪውን የሚያነብ ሰው ግሩፕታይፕ በሚባል መስክ ላይ እንግዳ የሆኑ ኔጌቲቭ ቁጥሮች ያያል። ፍቺያቸው ቀላል ነው። 2 ግሎባል፣ 4 ዶሜይን ሎካል፣ 8 ዩኒቨርሳል ማለት ነው። ግሩፑ ፈቃድ የሚሰጥበት ሴኪዩሪቲ ግሩፕ ከሆነ ከፍተኛው ቢት ይበራና ቁጥሩ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ለኢሜይል ማሰራጫ ብቻ የተፈጠረ ዲስትሪቢዩሽን ግሩፕ ከሆነ ፖዚቲቭ ሆኖ ይቀራል። በዚህ መሠረት -2147483646 ግሎባል ሴኪዩሪቲ፣ -2147483644 ዶሜይን ሎካል፣ -2147483640 ዩኒቨርሳል ነው። -2147483643 ካያችሁ ደግሞ ሲስተሙ ራሱ የፈጠረው፣ እንደ አድሚኒስትሬተርስ ያለ አብሮ የተወለደ ግሩፕ ነው።

አባላትን ለማውጣት «ጌት-ኤዲግሩፕሜምበር» ብላችሁ «-ሪከርሲቭ» ጨምሩበት። እስከ መጨረሻው ወርዶ ሰዎቹን ብቻ ይሰጣችኋል፤ በየትኛው ግሩፕ በኩል እንደገቡ ግን አይናገርም፤ ስለዚህ ያለ «-ሪከርሲቭ» አንድ ጊዜ፣ ከእሱ ጋር ሌላ ጊዜ አውጥታችሁ አስተያዩ። በነባሪው አቀማመጥ ከ5000 በላይ አባል ሲሆን ስሕተት አውጥቶ ያቆማል። ለዚያ ጊዜ ዳይሬክተሪው በሚጠየቅበት ኤልዳፕ በሚባለው ፕሮቶኮል ውስጥ ሰንሰለቱን እስከ ጫፍ የሚከተል ሕግ አለ፤ መለያ ቁጥሩ 1.2.840.113556.1.4.1941 ነው። ቁጥሩን በቃላችሁ አትያዙ፤ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ጻፉት።

ለኮምፒውተሩ የራሱ ግሩፖች «ጌት-ሎካልግሩፕ» እና «ጌት-ሎካልግሩፕሜምበር» አሉ። ሁለተኛው በፓወርሼል 5.1 ላይ የታወቀ ድክመት አለው፦ ግሩፑ ውስጥ ከዶሜይኑ የተሰረዘ ሰው ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ ከተገኘ፣ ትእዛዙ ሙሉ በሙሉ ሊሰናከል ይችላል። በዚህ ጊዜ «ኔት ሎካልግሩፕ» ያወጣችኋል፤ አሮጌውን ጨርሳችሁ አትጣሉት።

ስሙን በአማርኛ ብንጽፈውስ?

አክቲቭ ዳይሬክተሪ ዩኒኮድ ስለሚጠቀም የግሩፕ ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ከላይ «ደመወዝ-መጻፍ» ያልኩት እንዲሁ ሊፈጠር የሚችል ነው። ጣጣው የሚመጣው ዝርዝሩን ስታወጡ ነው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999፣ በ3.0 እትም ሲሆን፣ በዊንዶውስ አሮጌ ኮድ ፔጆች ውስጥ ግን ቦታ ኖሮት አያውቅም። «ኔት» የሚባለው ትእዛዝ ውጤቱን ወደ ፋይል ስታዞሩት በእነዚያ ኮድ ፔጆች በኩል ስለሚያሳልፈው፣ ፋይሉ ውስጥ የምታገኙት የጥያቄ ምልክት ሰልፍ ነው። እያንዳንዱ ፊደል አንድ የጥያቄ ምልክት ሆኖ፣ ሁለት የተለያዩ ግሩፖች አንድ ይመስላሉ።

ፓወርሼል 5.1 ላይም «ኤክስፖርት-ሲኤስቪ» የሚለው ትእዛዝ ካልተነገረው በቀር በአስኪ ነው የሚጽፈው፤ ውጤቱ ያው ነው። «-ኢንኮዲንግ ዩቲኤፍ8» ጨምሩበት፤ ኤክሴል አማርኛውን አስተካክሎ ይከፍተዋል። የእኔ ምርጫ መለያ ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል አድርጎ፣ ዲስክሪፕሽን በሚለው ሳጥን ውስጥ ግሩፑ ለምን እንደተፈጠረና ኃላፊው ማን እንደሆነ በአማርኛ መጻፍ ነው። ያ ሳጥን በአብዛኛው ቤት ባዶ ነው፤ ያሳዝናል።

ከስም ቁጥር ይታመናል

ዊንዶውስ ግሩፕን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን ሲድ በሚባል መለያ ቁጥር ነው። የየኮምፒውተሩ አድሚኒስትሬተርስ ቁጥር በዓለም ዙሪያ መጨረሻው 32-544 ነው፤ ዶሜይን አድሚንስ በ512፣ ዶሜይን ዩዘርስ በ513፣ ኢንተርፕራይዝ አድሚንስ በ519 ያበቃሉ። ጀርመን ወይም ፈረንሳይ አገር የምትሠሩ የአገር ልጆች ይህ በደንብ ይጠቅማችኋል፤ እዚያ ሰርቨሩ የግሩፖቹን ስም በገዛ ቋንቋው ስለሚጽፍ፣ በእንግሊዝኛው ስም የተጻፈ ስክሪፕት «እንዲህ ያለ ግሩፕ የለም» ብሎ ይመለሳል። በቁጥሩ የጠየቀ ግን ያገኛል። አድሚኒስትሬተር የሚለውን ስም ቀይሮ የተሰወረ የሚመስለውም ሰው አልተሰወረም፤ 500 የሚለው ቁጥሩ አብሮት ይኖራል።

ዝርዝሩን የሚፈልገው ኦዲተር ብቻ አይደለም

የዶሜይኑን ግሩፖችና አባላት ለማየት አድሚን መሆን አያስፈልግም። በተለመደው አቀማመጥ ማንኛውም የዶሜይን ተጠቃሚ፣ ተለማማጁም ጭምር፣ «ኔት ግሩፕ» ብሎ ዶሜይን አድሚንስ ውስጥ ያሉትን ማንበብ ይችላል። ሰርጎ ገቦች የአንድ ሠራተኛ ፓስወርድ እጃቸው ሲገባ ከሚያደርጓቸው የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። በ2016 የወጣው ብለድሀውንድ የተባለ መሣሪያ ግሩፕ በግሩፕ ውስጥ የተቀመጠበትን ሰንሰለት ሁሉ ሥዕል አድርጎ፣ ከተራ ሠራተኛ እስከ ዶሜይን አድሚን ያለውን አጭር መንገድ ያሳያል። እኛ በእጃችን ለመከተል የሰነፍነውን ሰንሰለት እነሱ በደቂቃ ያዩታል።

የሠራተኛ ኮምፒውተሮችን ሎካል ግሩፕ ከሩቅ ማንበብም ድሮ ለሁሉም ክፍት ነበር። ከዊንዶውስ 10 እትም 1607ና ከሰርቨር 2016 ወዲህ በነባሪው አቀማመጥ ይህን ማድረግ የሚችለው የዚያ ኮምፒውተር አድሚን ብቻ ነው። ስለዚህ ትናንት ይሠራ የነበረው ስክሪፕታችሁ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ቢከለከል አትደነቁ።

ይህን ንባብና የአባልነት ለውጥን የሚያሳዩ የሎግ ቁጥሮችም አሉ። ኦዲቲንጉ ከበራ 4799 አንድ ሰው ወይም ፕሮግራም የሎካል ግሩፕን አባላት መዘርዘሩን ይመዘግባል። አባል ሲጨመር ለግሎባል 4728፣ ለሎካል 4732፣ ለዩኒቨርሳል 4756 ይጻፋል። ከሁሉ በፊት 4728ን ዶሜይን አድሚንስ ላይ ተከታተሉ።

ዝርዝሩ እንዲነበብ አድርጎ መሥራት

ለዚህ ሁሉ ጣጣ የቆየ አሠራር አለ፦ ሰውን በግሎባል ግሩፕ በሥራ ክፍሉ ሰብስቡ፤ ግሎባሉን በዶሜይን ሎካል ውስጥ አስገቡ፤ ፎልደሩ ላይ ፈቃድ ለዶሜይን ሎካሉ ብቻ ስጡ። ግሎባሉ «እነማን ናቸው?» የሚለውን፣ ዶሜይን ሎካሉ «ምን ይችላሉ?» የሚለውን ይመልሳል። ተለማማጆቹ ፕሪንተር ካስፈለጋቸው የሚገቡት «ፕሪንተር-ፋይናንስ» በሚል ዶሜይን ሎካል ውስጥ እንጂ «ፋይናንስ» ውስጥ አይደለም። ችግሩ የተፈጠረው ለፕሪንተሩ ሲባል ሰውን የሚሰበስበው ግሩፕና ፈቃድ የሚሰጠው ግሩፕ አንድ ስለተደረጉ ነበር።

በሠራተኛ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ የሒሳብ ሶፍትዌሩ እንዲከፈትላቸው ተብሎ ዶሜይን ዩዘርስ በሙሉ አድሚኒስትሬተርስ ውስጥ የገባበት ቤት ብዙ ነው። ሶፍትዌሩ የሚጽፍበትን አንድ ፎልደር ለይቶ ፈቃድ መስጠት ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ሁሉን አድሚን ማድረጉ ግን አንድ ቫይረስ የገባበት ሠራተኛ የሌላውን ሠራተኛ ኮምፒውተር እንዲቆጣጠር በር ይከፍታል።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሥሩ። ዶሜይን አድሚንስን በ«-ሪከርሲቭ» አውጡ፤ ከዚያ ከየሥራ ክፍሉ አንድ አንድ ኮምፒውተር መርጣችሁ የአድሚኒስትሬተርስን አባላት አውጡ። እያንዳንዱ ስም አጠገብ ለምን እዚያ እንዳለ ጻፉ። ምክንያት ያጣችሁለትን ስም ለኃላፊያችሁ አሳይታችሁ፣ በጽሑፍ አስፈቅዳችሁ አስወጡት።